የጋሼ አበራ ዘመም ባለጫማ ፊደል

ኅዳር 3፣ ሰኞ። ጠዋት 3 ሰዓት

አንቲረስቱ፣ የዝገት መከላከያው ቀለም፣ ገና አልደረቀም። ደጋግሜ በጣቴ እነካዋለሁ፣ ይይዘኛል። እጄ ሥራ ሲፈታ ወደ አንቺ ነው የምመጣው ደብተሬ፣ መቼም ታውቂኛለሽ።

ላሜራው ተበላ ከተማ ያለው የአንድ አንደኛ ደረጃ ት/ቤት ነው። ቤተ መጻሕፍት ሠርተዋል፣ ታኅሣሥ 20 ይመረቃል፣ ታፔላ ይፈልጋሉ። ከላይ አማርኛ፣ ከታች ወላይትኛ በላቲን ፊደል። ራሳችንን የቻልን ዞን ከሆንን ወዲህ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያዘው። አማርኛው አያስጨንቀኝም። የታችኛው መስመር ነው ጉዱ።

ለርዕሰ መምህርቷ የታችኛውን በአንጋፋው ታፔላ ጸሐፊ በጋሼ አበራ ፊደል እጽፍልሻለሁ አልኳት። ማን ጠየቀኝ? ማንም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

የጋሼ አበራን ፊደል (ከዚህ ወዲያ ጋ/አ እላቸዋለሁ፣ ቀለም ልቆጥብ) ያላየ የሶዶ ሰው የለም። የማን እጅ እንደሆነ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። መድኃኒት ቤቱ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ አሮጌው ሆቴል። ላቲን ሆኖ ወደ ቀኝ ዘንበል ያለ፤ ከየቋሚው ሥር ደግሞ ወፍራም፣ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ እግር ያለው። እግሩ ቀጭን ጭረት አይደለም፣ ከቋሚው እኩል ይወፍራል። እሳቸው «ዘመም ባለጫማ» ይሉታል። ገላው ያዘነብላል፣ ጫማው መሬት ረግጧል። እኛ የምንጽፈው ዘመም ፊደል ነፋስ የገፋው ይመስላል። የእሳቸው በገዛ ፈቃዱ ይሄዳል። ጉዳይ ያለው ሰው አካሄድ!

አሥራ አንድ ዓመት ታፔላ ጽፌ እንደዚያ ያለ አንድ ፊደል አልወጣኝም። ይኸው፣ ለአንቺ ተናገርኩ። ለሌላ ሰው አልናገርም።

ያው ቀን፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ጋ/አ ቤት ሄጄ መምጣቴ ነው። የፊደሎቹን ልክ ልዋስ ነበር። በስቴንስል የተቆረጠ ወይም ወረቀት ላይ የተሳለ ነገር አይጠፋም ብዬ። የለም። አንድም ወረቀት የለም! ፊደል ወረቀት ላይ ካስቀመጡት ይተኛል ነው የሚሉት። ሁሉም እጃቸው ውስጥ ነው ያለው።

አመጣጡንም ነገሩኝ። በወጣትነታቸው ከውጭ የወፍጮ ሞተር በእንጨት ሳጥን ተጭኖ ይመጣል። ሳጥኑ ላይ ስምንት ፊደል ነበር፣ ዘንበል ያለ፣ ባለጫማ። ሞተሩን ትተው ሳጥኑን ሲያዩ ዋሉ። የቀሩትን አሥራ ስምንት ከራሳቸው አወጡ። ያኔ ላቲን እንኳ በቅጡ አያነቡም ነበር። ስምንቱን ዐይቶ የቀረውን ቤተሰብ መገመት! እኔ የወንድሞቼን ልጆች መልክ እንኳ እየተሳሳትኩ ነው።

ከዚያ ክፉው ወሬ። እትዬ ውብነሽ፣ ባለቤታቸው፣ በር ድረስ ሲሸኙኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። የዓይን ግፊት ነው። የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን እንጠብቅ ብሏል ሐኪሙ። የቀረው ደግሞ ጭላንጭል ነው። ሰው የሚለዩት በድምፅ ሆኗል። እኔን በአኳራጅ፣ በቀለም ማቅጠኛው ሽታዬ ነበር የለዩኝ፤ ገና አፌን ሳልከፍት ማርቆስ፣ ግባ ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ሞኝ።

እንግዲህ ነገሩ ይሄ ነው። ወረቀት የለም፣ ስቴንስል የለም። የጋ/አ ዓይን ሲጨርስ ሃያ ስድስቱም ያልቃሉ። እኔ ደግሞ ለአንድ ታፔላ ብዬ ነበር የሄድኩት።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ

ስስ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ከተማውን ስዞር ዋልኩ። መሰላል ተሸክሜ። ከየታፔላው ላይ ፊደል እገለብጣለሁ። መድኃኒት ቤቱ ስድስት ሰጠኝ። ወፍጮ ቤቱ አራት። ዱቄት በላዬ፣ ሰው ይስቃል፣ ይሳቅ።

አሮጌው ሆቴል ስደርስ ታፔላው የለም። በቦታው ከአዋሳ በኮምፒውተር ታትሞ የመጣ ላስቲክ ተሰቅሏል፣ ጽጌረዳና የቢራ ብርጭቆ ያለበት። አሮጌው የት ሄደ? ጓሮ የዶሮ ቤት ጣሪያ ሆኗል። ተገልብጦ። ዶሮዎቹን እየገፋሁ ከሥር ገብቼ «ጂ»ን ገለበጥኩ። ከተማ ውስጥ ያለችው «ጂ» እሷ ብቻ ናት። ተናድጄ እርሳሱን ተጫንኩት፣ ጅራቷ ተበላሸ።

ማታ በራት ላይ አስቴር፣ ባለቤቴ፣ ሁለተኛ ክፍል ነው የምታስተምረው፣ ወረቀቶቹን ዘርግታ አየቻቸው። ወደደች። ወዲያው ግን ሰባትስ? አለችኝ። የምን ሰባት? በወላይትኛ ጉሮሮ ላይ ቆረጥ የሚለውን ድምፅ በሰባት ቁጥር ነው የምንጽፈው፣ ልጅ የሚለውን ራሱ ያለሰባት አትጽፈውም፣ የእናትህን ቋንቋ ሳታውቅ ታፔላ ትጽፋለህ አለች። እናገረዋለሁ እንጂ ጽፌው አላውቅም፤ እኔ ስማር በአማርኛ ነበር። የት/ቤቱ ታፔላ ሰባት የለበትም፣ እንኳንም አልኩ። የተቀቀለ ቦዬዋን በዳጣ በርበሬ እያጠቀሰች መብላቷን ቀጠለች።

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ

አሥራ ዘጠኝ ፊደል ሰበሰብኩ። ጎን ለጎን ደረደርኳቸው። የሞቱ ናቸው።

ምን እንደጎደላቸው አላውቅም። መስመሩ ያው ነው፣ ውፍረቱ ያው ነው። ግን አንዱ ወፍጮ ቤት ሰፊ ቦታ አግኝቶ የተንሰራፋ፣ ሌላው መድኃኒት ቤት ተጨንቆ የቆመ። ጋ/አ ለየቦታው ነበር ለካ የሚጽፉት። ጎረቤቱን ዐይተው። እኔ ሰዎቹን ከየቤታቸው አውጥቼ ፎቶ አነሳሁ እንጂ አላወቅኳቸውም።

ወስጄ አሳየኋቸው። ወረቀቱን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው፣ አርቀው፣ ወደ ብርሃን አዙረው ሞከሩ። ከዚያ አጥፈው መለሱልኝ። ነጭ ነው አሉ። ምን ዓይነት ደደብ ነኝ? ለማያይ ሰው ሥዕል ይዤ የሄድኩ።

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ

አቶ ሳሙኤል የሶዶ-ተበላ ሚኒባሱን እንድጽፍለት አመጣ። በሁለቱም ጎን የከተሞቹን ስም፣ እንደ ትልልቆቹ አውቶቡሶች በላቲን። ልምምድ ይሆነኛል ብዬ በዘመም ባለጫማ ጻፍኩት። በቀይ። በበሩ በኩል ጨርሼ ራቅ ብዬ ሳየው ልቤ ዘለለ። ይሮጣል! መኪናው ቆሞ ፊደሉ ይሮጣል። በሾፌሩም በኩል ያንኑ ደገምኩ፣ ሳላይ፣ ቸኩዬ። እቤት ገባሁ። ለአስቴር ጉራዬን ነፋሁ።

ኅዳር 12፣ ረቡዕ

ውርደት።

መናኸሪያ ስደርስ ረዳቶቹ ሁሉ ሚኒባሱን ከብበው ይንከተከታሉ። በበሩ በኩል ፊደሉ ወደ መኪናው ፊት ያዘነብላል፣ ደግ። በሾፌሩ በኩል ግን የመኪናው ፊት በግራ ነው፣ ፊደሉ ያዘነበለው ወደ ኋላ! መኪናው ወደፊት ሲሄድ ጽሑፉ ወደ ኋላ ይጎተታል። አንዱ ረዳት ይሄ ጎን ተሳፋሪ ነው፣ ያኛው ጎን ሸኚ ነው አለ። ሌላው በሾፌር በኩል ያለው ዕዳ ሸሽቶ ነው ይላል። አቶ ሳሙኤል ራሱ «አንተ ማርቆስ፣ መኪናው በዚህ ጎን እየሮጠ፣ በዚያ ጎን በገመድ ይጎትቱታል እንዴ?» ብሎ ጮኸብኝ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።

ሌላ መሄጃ የለኝም፣ ጋ/አ ዘንድ ሄድኩ። ስነግራቸው ሳቁ። ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር፣ እትዬ ውብነሽ ከጓዳ ወጥተው ምን ተፈጠረ አሉ። ከዚያ ኮታቸውን ለብሰው ምራኝ አሉኝ።

መናኸሪያ ድረስ ክንዴን ይዘው። መንገድ ላይ አስረዱኝ። በሾፌር በኩል ፊደሉ አያዘነብልም፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጫማው ብቻ ወደ መኪናው ፊት ረዘም ይላል፣ አንድ እግሩን እንዳስቀደመ ሰው። ሠላሳ ዓመት እንዲያ ነው የጻፉት። አላመንኩም። መናኸሪያው ዳር የቆመ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ነበር፣ የእሳቸው ጽሑፍ ያለበት። ዞሬ አየሁ። እውነት ነው! በቀኙ ዘመም፣ በግራው ቆሞ እግሩን ያስቀደመ። ያን መኪና ከልጅነቴ ጀምሮ አየዋለሁ። ሁለቱ ጎኖች አንድ ፊደል ናቸው ብዬ ስምል ኖሬያለሁ።

ከዚህም የባሰ። ሚኒባሱ ጎን ቆመው ጽሑፌን በጣታቸው ዳሰሱት። ዘይት ቀለም ሲደርቅ ትንሽ ጠርዝ ያበጅ የለ? በእሱ ላይ ነው የሄዱት። አራተኛው ፊደል ላይ ቆሙ። የዚህ ጫማ አንድ ወገኑ ተነሥቷል አሉ። ተነሥቶ አይደለም ብዬ ልከራከር ነበር። ማስመሪያ አስቀምጬ ለካሁ። የጥፍር ውፍረት ያህል ተነሥቷል።

ረዳቶቹ ማስመሪያውን ተቀባብለው ለኩ። እኔም። ዓይን ያለን ሰዎች ሁላችን።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ። ንጋት

ተነሥቼ ተቀመጥኩ፣ አስቴር ምን ሆንክ ትላለች። መጣልኝ! ወረቀት ለምን? እንጨት! እንጨት ይዳሰሳል። እያንዳንዱን ፊደል ከዋንዛ እቆርጠዋለሁ፣ ስንዝር ቁመት። በጣታቸው ያርሙታል። ባለጫማ መሆኑ እንዴት በጀን፤ ቀጭን እግር ቢሆን ኖሮ መጋዝ ሥር ይሰበር ነበር፣ ጣትም አያገኘውም። ይሄ እግር ግን ይጨበጣል።

አናጺው ጎረቤቴ ቁርጥራጭ ዋንዛ ሰጠኝ። ምን ልትሠራ ነው? ጫማ አልኩት። ትቶኝ ሄደ።

ኅዳር 19፣ ረቡዕ

በስድስት ቀን አምስት ፊደል። ጣቶቼ በሽቦ መጋዝ ተልጠዋል። ዛሬ በከረጢት ይዤ ሄድኩ።

በረንዳው ላይ ተቀመጡ፣ አንድ በአንድ ተቀበሉኝ። አገላበጡ። አውራ ጣታቸውን በቋሚው ላይ ሽቅብ፣ ቁልቁል። ለመጀመሪያው «ተኝቷል» አሉ። ሁለተኛው «ተኝቷል»። ሦስተኛው «ቆሟል»፣ ልቤ ትንሽ ሞቀ። አራተኛው «ተኝቷል»። አምስተኛውን ጭናቸው ላይ አኖሩትና ሞረድ አምጣ አሉ።

የጋ/አ ሚዛን ሦስት ደረጃ ነው፣ መዝግቢልኝ። የማይረባ «ተኝቷል»። ደህና «ቆሟል»። ከዚያ በላይ «ይሄዳል» አለ፣ እሱን ገና አልሰማሁም።

ኅዳር 26፣ ረቡዕ

በየቀኑ ከ9 ሰዓት በኋላ እዚያ ነኝ። ሥራዬን ጥዬ። ለአቶ ሳሙኤል በሾፌር በኩል ደግሜ ጻፍኩለት፣ ታርቀናል።

ዛሬ የተማርኩት፦ «ኦ»ና «ኢ» ጫማ የላቸውም፣ ክብ ናቸው። ባዶ እግራቸውን ባለጫማ መሃል ሲቆሙ ያንሳሉ፣ ስለዚህ ከመስመሩ በታች ትንሽ ወረድ ማለት አለባቸው። «አር» ክንዷ ባዶ ቦታ ላይ ስለሚንጠለጠል ጫማዋ ከሌሎቹ ሰፋ ይበል፣ አለበለዚያ ትወድቃለች። የ«አይ» ነጥብ ባርኔጣ ነው፤ ሰውዬው ካዘነበለ ባርኔጣው አብሮት ያዘንብላል፣ እኔ ግን ቀጥ ብዬ አናቱ ላይ ሰቅዬው ነበር። የ«ኤን» ሁለት እግሮች መሃል የእሳቸው ትንሽ ጣት ማለፍ አለባት። የውስጥ ጫማዎቹ ስለዚህ አጠር ይላሉ። ጫማ ለጫማ መረጋገጥ ነውር ነው፣ በአንድ ቤት ውስጥ።

ይሄ ሁሉ ሠላሳ ዓመት ከዓይኔ በላይ ተሰቅሎ ነበር። የሚያምር ነገር ነው ብዬ አልፌዋለሁ። የሚያምረው ለካ ታስቦበት ነው! እያንዳንዷ እግር ታስቦባት። ለዘይት ቤት፣ ለወፍጮ ቤት፣ ለጭነት መኪና። ማንም ላያመሰግናቸው። እየሰማሁ ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ ደግነቱ አያዩኝም። ጉንፋን ይዞሃል አሉኝ። አዎ አልኩ።

ሰባትን አነሣሁባቸው። ለአስቴር ብዬ። ፊታቸው ተቋጠረ። ቁጥር ቁጥር ነው፣ ፊደል መሃል ምን ይሠራል፣ ለቁጥር ጫማ አላደርግም አሉ። ወላይትኛውን ከእኔ አሳምረው የሚናገሩ ሰው ናቸው። አያታቸው ከሰሜን መጡ እንጂ እሳቸው እዚሁ ነው የተወለዱት፤ ሰላምታቸው ራሱ «ሳሮ» ነው። ግን ሲጻፍ አላዩትም። እኔም ብሆን ከትናንት ወዲያ ነው ያየሁት። ተውኩት።

ታኅሣሥ 4፣ ሐሙስ

ርዕሰ መምህርቷ ሰው ልካብኛለች። ታፔላው የት ደረሰ? አንድ የኮሚቴ አባል አዋሳ ብናዝ በአንድ ቀን አትመው ይልኩልናል ብሏል። እስከ ታኅሣሥ 19 ዓርብ ካልተሰቀለ ላስቲኩ ይመጣል። ግልጽ።

አንድ ነገር ወሰንኩ። ታፔላውን በቀለም አልጽፈውም። የአማርኛውን በቀለም፣ የታችኛውን መስመር ግን ራሳቸውን የእንጨቱን ፊደላት ቀብቼ እሰካለሁ። በቪቴ፣ ከኋላ። ዝናብ ቢመታቸው ጫማቸው ወፍራም ነው፣ ይችላሉ።

ታኅሣሥ 8፣ ሰኞ

አልተኛሁም ማለት ይቻላል። የ«ቲ» ጣጣ።

የታችኛው መስመር ላይ ያለውን ወላይታ የሚል ቃል በላቲን ስትጽፊ ሁለት «ቲ» ጎን ለጎን ይቆማሉ። በጋ/አ ዘመን ይሄ አልነበረም። ሆቴል፣ ፋርማሲ፣ የባዕድ ቃል ነው የሚጽፉት፤ ሁለት «ቲ» አጋጥሟቸው አያውቅም። ሁለቱን ሳስቀምጥ በላይ ክንዳቸው ይጋጫል፣ በታች ጫማ ለጫማ ይረጋገጣሉ። ባራርቃቸው ቃሉ ከመሃሉ ይቀደዳል። የገዛ አገራችን ስም መሃሉ ላይ ቀዳዳ!

ዛሬ ጠዋት አንድ ነገር ሞከርኩ። የሁለቱን ክንድ አንድ ረዥም አግዳሚ አደረግኩት። ከአንድ እንጨት፣ ሁለቱን እንደ በሬ በአንድ ቀንበር ጠምጄ። ሳየው ደነገጥኩ። ጥሩ ነው። የእኔ ነው። የጋ/አ ደንብ ግን እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው ይቁም ነው። ሠላሳ ዓመት ያቆሙትን ሕግ የትናንት ተማሪ ሊያፈርስ? ነግሬያቸው ልሥራ? ሠርቼ ልንገራቸው? ፈሪ ነኝ። ከሌሎቹ ፊደላት ጋር ከረጢት ውስጥ ቀላቅዬ እወስደዋለሁ።

ታኅሣሥ 10፣ ረቡዕ

ወሰድኩ። ለካ ከረጢት ሰው አያድንም።

«ደብሊው» - «ቆሟል»። «ኤል» - «ቆሟል»። «ዋይ» - ትንሽ ሞረድ፣ «ቆሟል»። ከዚያ እጃቸው እሱ ላይ ወደቀ። ቀንበሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሱት። ተመለሱ። ሁለቱን ቋሚዎች ቆጠሩ። ሳይጠራ የገባ እንግዳ እንዳገኘ ሰው ፊታቸው ተለወጠ። ይሄ የማን ነው አሉ። የእኔ አልኩ። ለምን እንደሠራሁት ተንተባትቤ አስረዳሁ። ኮታቸው ኪስ ከተቱት። ደክሞኛል አሉና ገቡ። እትዬ ውብነሽ ትከሻቸውን ሰብቀው አዩኝ።

አስቀየምኳቸው። አምላኬ ጦሳ ይወቅልኝ፣ ለክፋት አልነበረም።

ታኅሣሥ 13፣ ቅዳሜ

ሄድኩ። ተኝተዋል ተባልኩ። በ10 ሰዓት? ጋ/አ በቀን ተኝተው አያውቁም። በመስኮቱ በኩል የሆነ ነገር ሲፋቅ የሰማሁ መሰለኝ። የመጥረጊያ ድምፅ ይሆናል።

አስቴር ይቅርታ ጠይቅ ትላለች። ለምኑ? ጥሩ ፊደል ለሠራሁበት? ሁለታችንም ጮኽን። ከዚያ እሷ ደብተር ልታርም፣ እኔ ቀለም ልበጠብጥ ሄድን።

ታኅሣሥ 16፣ ማክሰኞ

ዛሬም ተኝተዋል።

ሌላ «ቲ» ጥንድ ቆረጥኩ። ከመጀመሪያው አይደርስም። እጄ ፈርቷል፣ እንጨቱም ያውቃል። ላሜራው ላይ ሁሉም ፊደል ተሰክቷል፣ መሃሉ ብቻ ክፍት ነው። የሁለተኛውን ጥንድ በኪሴ ይዤዋለሁ፣ ግን አልሰካሁትም። ለምን እንደምጠብቅ አትጠይቂኝ። የጠበቅኩት ሰው ቢመጣ እንኳ ምን ሊለኝ ነው? «ተኝቷል»።

ታኅሣሥ 18፣ ሐሙስ

እትዬ ውብነሽ ራሳቸው ሱቄ መጡ። ነገ ተበላ ትሄዳለህ ወይ፣ ሰውዬው እሄዳለሁ ብለዋል፣ ቦታ ያዝላቸው ብለው ተመለሱ። ታፔላውን ሊያወርዱት ነው የሚመጡት? በሰው ፊት?

ታኅሣሥ 19፣ ዓርብ። ከቀኑ 12 ሰዓት

ቸኩያለሁ፣ ጽሑፌን ታገሺኝ። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

በአቶ ሳሙኤል ሚኒባስ ሄድን። ላሜራው ጣሪያ ላይ። ጋ/አ ከፊት፣ እጃቸው ኮታቸው ኪስ ውስጥ። መንገዱ ሁሉ ቁልቁለት፣ ሙቀቱ እየጨመረ። ተበላ ስንደርስ ርዕሰ መምህርቷ በር ላይ ቆማለች። ላሜራው መሃል ያለውን ክፍተት አየች፣ ፊቷ ወደቀ። ጥርስ የወለቀ ነው የሚመስለው አለች። እውነቷን ነው።

ሁለተኛውን ጥንድ ከኪሴ አወጣሁ። ካቻቪቴ አነሣሁ። ጋ/አ ቆይ አሉ። እጃቸውን ዘረጉ፣ እጃቸው ላይ ያ የመጀመሪያው ነበር። ያ የእኔ። ተቀበልኩት፣ ከኪሳቸው ሙቀት ጋር። አገላብጬ አየሁት፣ የእኔ ነው፣ የእኔም አይደለም። ቀንበሩን አልነኩትም። ጫማዎቹን ግን! የውስጥ ጫማዎቹን በሞረድ አሳጥረዋቸዋል፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰዋቸዋል፣ መሃላቸው ትንሽ ጣት ያልፋል። እኔ የላዩን ግጭት ብቻ ፈትቼ የታቹን መረጋገጥ ረስቼው ነበር። ስምንት ቀን በጣታቸው እያዩ ሠሩት። በመስኮቱ የሰማሁት ፍቀት እሱ ነበር። ተኝተው አልነበረም።

ሰካሁት። በቪቴ አጠበቅኩ። ላሜራውን ግድግዳው ላይ ከማውጣታችን በፊት መሬት ላይ ደገፍነው፣ ጋ/አ ቀረቡ። ጣታቸውን መጀመሪያው ፊደል ላይ አደረጉ። ከዚያ ሄዱ። ቀስ ብለው፣ ከፊደል ወደ ፊደል፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ። ቀንበሩ ላይ ሲደርሱ አልቆሙም፣ አለፉት፣ ልክ እንደ ማንኛውም ፊደል። መስመሩን እስከ መጨረሻው ሄደው ጮክ ብለው በወላይትኛ አነበቡት። ሙሉውን። አንብበው ከጨረሱ በኋላ እጃቸው እዚያው ቀረ።

ከስድስት ወር ወዲህ ያነበብኩት የመጀመሪያ ነገር ነው አሉ። ርዕሰ መምህርቷ ፊቷን አዞረች። አቶ ሳሙኤል መሀረብ ፈለገ፣ ያ ጯሂ ሰውዬ።

እኔ? ምን ይመስልዎታል ብዬ ጠየቅኩ። ጣታቸውን ወደ ሁለቱ «ቲ» መለሱ። በቀንበሩ ላይ አንድ ጊዜ አሻሹት።

«ይሄዳል» አሉ።

ያው ቀን፣ ትንሽ ቆይቶ

የረሳሁት። ርዕሰ መምህርቷ ታፔላውን በሩ አናት ላይ ስቀለው ስትለኝ እንቢ አልኩ። በሩ ጎን፣ ልጅ እጁን ሲዘረጋ በሚደርስበት ቁመት ሰቀልኩት። የማያዩ ልጆች አይጠፉም ብዬ። ደግሞም ሌላ ምክንያት አለኝ፣ ታውቂዋለሽ። «ጋላታይስ» አለችኝ። ምስጋናውን ወደ ማን እንደማዞረው አውቃለሁ።

ታኅሣሥ 22፣ ሰኞ። ጠዋት

ምረቃው ደህና አለፈ ይላሉ። ልጆቹ ፊደሎቹን እየነካኩ ቀዩን ቀለም ከጫማዎቹ ላይ ማንሣት ጀምረዋል ብላ ርዕሰ መምህርቷ መልእክት ልካለች። ደስ አለኝ። እድሰዋለሁ።

አሁን ከጋ/አ ጋር ያለቁት አሥራ ሰባት ናቸው። ዘጠኝ ይቀራሉ። የዓይናቸው ጭላንጭልም አልቋል፤ ትናንት እትዬ ውብነሽ ነገሩኝ፣ እሳቸው አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኩም። ከእንግዲህ እጃቸው ነው ያለን።

ዓርብ ስንመለስ፣ ሚኒባሱ ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ፣ ሁሉም ሲያንቀላፋ፣ ወደ ኋላ ዞረው ጠሩኝ። ያቺ ሰባት አሉ። ሚስትህ የምትላት። ቁመቷ ከትናንሾቹ ፊደላት እኩል ነው ወይስ ትረዝማለች? አላውቅም አልኩ። ጫማስ የቱ ጋ ነው የሚደረግላት፣ አንድ እግር ነው ያላት? እሱንም አላውቅም አልኩ። ሶዶ ልንገባ ስንል ሳቁ፣ ያ የመናኸሪያው ሳቃቸው፣ እኔም አላውቅም አሉ። ሠላሳ ዓመት ፊደል የሠራ ሰው አላውቅም ሲል ደስ ብሎት!

ስለዚህ ወሰንኩ። «ኬ»ን፣ «ቪ»ን፣ «ዜድ»ን እተዋለሁ፣ ይቆዩ። ለአስቴር ዛሬ ጠዋት ነገርኳት፣ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች፣ በሩ ጋ ግን ስትዘፍን ሰማኋት። ደህናዋን የዋንዛ ቁራጭ፣ ለ«ኤም» ያስቀመጥኳትን፣ አወጣሁ። ሰባትን ዛሬ እቆርጣለሁ። በ9 ሰዓት በረንዳው ላይ ነኝ። ጫማዋ የቱ ጋ እንደሚሆን ገና አላውቅም።